የገጽ መቶ ሰማንያ ሦስቷ ሴት

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ምሳሌ የሌለው ነገር ማየት አልችልም። ልክፍት ነው። ጎረቤቴ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላውን ዘቅዝቆ ካለፈ "ምን ለማለት ፈልጎ ነው?" እላለሁ። የተሳፈርሁበት ባጃጅ መንገድ መሐል ቢቆም የዘመኑ ተምሳሌት ነው ብዬ ለተሳፋሪዎቹ አስረዳለሁ፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን ወርጄ እንድገፋ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ይህ ጠባይ ከደሜ ጋር ስለተዋሐደ፣ የማወጋችሁን ስትሰሙ አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱ፤ ይገባኛል።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ነው። እናቴ ሞታ አርባዋ ከወጣ በኋላ አባቴ ከቤት መውጣት ተዉ። ቀድሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ጣና ዳር ወርደው፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ብለው፣ ያላገኙትን ደግሞ "ምነው ጠፋ?" ብለው ጠያይቀው ነበር የሚመለሱት። ያ ሁሉ ቀረ። ጢማቸው አደገ። ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ቀምሰው "ተባረኪ" ይሉና ገበታውን ገፋ ያደርጋሉ። እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ እርስዎ የሚሉትን ሰው ደግሞ "ይብሉ እንጂ!" ብሎ መቆጣት አይቻልም። ቆሽቴ እያረረ ሳህኑን አነሳለሁ። በእውነት ፈርቼ ነበር፤ በዓመቱ ሌላ ድንኳን የምንተክል መስሎኝ ነበር።

እኔም ብልጥ ነኝና አንድ ዘዴ ፈጠርሁ። እናቴን እንዳያስታውሱ ፎቶዋን ከግድግዳ አወረድሁ፤ ነጠላዋን ሣጥን ውስጥ አስገባሁ፤ ዘመድ አዝማዱንም በር ላይ እየተቀበልሁ "አደራ፣ ስሟን እንዳታነሱባቸው" አልሁ። ሰዉም አደራዬን ጠበቀ። የሚመጣው ሁሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ይሄዳል። አባቴም ስለ ዝናቡ "እህ"፣ ስለ መብራቱም "እህ" ይላሉ።

"እሳቸው ወደ ሰው ካልሄዱ ሰው ወደሳቸው ይምጣ" ብዬ የንባብ ማኅበር ያቋቋምሁት ያን ጊዜ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአባቴ ሳሎን፣ በአባቴ መጽሐፍ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲመቱ ኖረው፣ ለራሳቸው ያነበቡት አንድ ትልቅ የድሮ ልብ ወለድ ብቻ ነው፤ እሱን ግን ሠላሳ ጊዜ ሳያነቡት አልቀሩም። ስሙን አልጠራም፤ ወዳጆቹ ብዙ ናቸውና ሽማግሌ ይልኩብኛል። አንድ ኩሩ ወጣት ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት ይወጣና አራት መቶ ገጽ ሙሉ እየተከዘ ይዞራል፤ በቃ፣ ታሪኩ ይህ ነው። መጽሐፉ ተጠግኖ ተጠግኖ ከወረቀቱ ሙጫው ይበዛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ለአባላቱ ሁሉ አባዛሁት።

አባላቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው በልጅነታቸው ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት ሲዞሩ ያደጉ፣ ኋላ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለተኛዋ ጨርቅ ነጋዴዋ ጓደኛዬ ናት፤ ቤተሰቧ ከወረታ የመጣ፣ በሙሉም ጨርቅ ነጋዴ የሆነ፣ አንድ ጨርቅ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ስንት እጥበት እንደሚችል የምትናገር ሴት። የቀሩት ሁለት ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ እነሱ የሚመጡት ለቆሎው ነው።

ጋሼ ነገር ያለ ሥርዓት አይሆንላቸውም። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ለዚህ ቀን ያደረሰን ይመስገን" ብለው ተነሱ፤ እኛም ተነሣን፤ ቆሎ ሊዘግን እጁን የሰደደ ባልደረባዬ እጁን መለሰ። ከዚያ ልክ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጽሐፍ እንደሚተረጉሙት አንዱን ትርጉም ሰጥተው ሲጨርሱ "አንድም" ብለው ሌላውን ይቀጥላሉ። "አንድም" ካሉ መመለሻ የላቸውም፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ዳቦው ይደርቃል፣ አንድሙ ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ አንድም የወረደው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ገጽ መቶ ሰማንያ ሦስት ላይ ወጣቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ስለ ዓለም ክፋት ሲያዝን፣ አንዲት ሴት ሁለት የቀረሶ ዓሣ በገመድ አንጠልጥላ ከታንኳ ትወርዳለች። ታየዋለች። "አንተ ሰውዬ፣ ኮትህን አሳስተህ ቆልፈሃል። እንዲህ ሆነህ ነው ለዓለም የምታዝነው?" ትለዋለች። ዓሣዋን ይዛ ትሄዳለች። አለቀ። ከዚያ በፊት የለችም፣ ከዚያ በኋላም የለችም።

እንዲህ ያለ ነገር ሰጥተውን ነው እንግዲህ ዝም የምንለው?

"ሁለቱ ዓሦች ብሉይና ሐዲስ ናቸው" አሉ ጋሼ። "አንድም ሥጋና ነፍስ ናቸው። አንድም ቀንና ሌሊት ናቸው። ኮቱ አዳም ያጣው የጸጋ ልብስ ነው፤ ተሳስቶ መቆለፉ በለስ መብላቱ ነው።" ባልደረቦቼ ማስታወሻ ያዙ። ጓደኛዬ ግን ኮፒዋን ራቅ አድርጋ እያየች "ለእኔ የምትመስለኝ ዓሣው ሳይበላሽባት ቤቷ ለመድረስ የቸኮለች ሴት ናት" አለች። ምስኪን፣ ሥነ ጽሑፍ አልገባትም ብዬ አዘንሁላት።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። የዚያ ገጽ ፊደል ከሌላው ይለያል፤ ቀጠን ያለ ነው። "ት" የምትለዋ ፊደል በተለይ ከመስመሯ ወደ ላይ ዘለል ትላለች። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አገኘሁት ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠች። "ደራሲው ሆን ብለው ያደረጉት ነው" አልሁ፤ "ሴትዮዋ የዚህ ዓለም ስላልሆነች ፊደሏም የዚህ ዓለም አይደለም። ‹ት› ከመስመር መነሳቷ ነፍስ ከምድራዊው ነገር መላቀቋን ያሳያል።" ጋሼ "ይበል! ይበል!" አሉ። ያን ጊዜ አባቴን ሳል ያዛቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው መጣ። ውሃ ይዤ ሮጥሁ፤ ብርድ መታቸው ብዬ ጋቢ ደረብሁላቸው።

አባቴ በማኅበሩ አይናገሩም ነበር። ጥጋቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፤ እኛ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ልንሻገር ስንል ቀና ይሉና "እሷን እኮ አልጨረሳችሁም" ይላሉ። የባለቤቱን ቃል ማን ያፈርሳል? እንደገና ወደ ሴትዮዋ እንመለሳለን። በዚህ ሁኔታ ግማሽ ዓመት ሙሉ ከአንድ ገጽ ሳንነቃነቅ ቀረን። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም አባቴ ቅዳሜ ሲደርስ ጢማቸውን ይላጩ ጀመር። በልተውም ይጨምራሉ። አንድ ቅዳሜ ጧት "ዛሬ ጋሼ ምን ይሉ ይሆን?" ብለው ሲጠይቁኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሥነ ጽሑፍ ሰው ያድናል ብዬ ለተማሪዎቼ ሳይቀር ተናገርሁ።

ለተማሪዎቼ የተናገርሁት ግን ይህን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሴትዮዋን ፈተና ላይ አወጣኋት። "ገጸ ባሕርይዋ የምን ተምሳሌት ናት? ሀ. የእናት ሀገር፣ ለ. የጊዜ፣ ሐ. የኅሊና፣ መ. ዓሣ ሻጭ ናት።" መልሱ ሐ ነው። ገጿን አባዝቼ አድያቸው ስለነበር አላነበብንም አይሉም። አንዲት ተማሪ መ ላይ አክብባ፣ ከጎኑ "ዓሣ ይዛለች እኮ ቲቸር" ብላ ጻፈች። ዜሮ ሰጠኋት። ክፍል ውስጥም አስነሥቼ ስለ ጥልቅ ንባብ አሥራ አምስት ደቂቃ መከርኋት።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በሰባተኛው ቅዳሜ አንድ አዲስ አባል መጣ፤ ባንክ የሚሠራ፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተዛወረ ወጣት ነው። ፎቶ ኮፒ አልወሰደም፤ በእጁ አዲስ የታተመ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ይዟል። ጋሼ ሁለቱን ዓሦች ወደ ሁለቱ ዓይኖች እያሻገሩ ሳሉ ልጁ ገጽ ሲያገላብጥ ቆየና "ይቅርታ፣ የትኛዋ ሴት ናት?" አለ።

"ገጽ መቶ ሰማንያ ሦስት።"

"እኔ ጋ ወላ ሴት የለችም። ዝናብ ነው ያለው።"

መጽሐፉን ነጠቅሁት። እውነቱን ነው። ወጣቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጧል፣ ያዝናል፣ ዝናብ ይዘንባል፤ አንድ ገጽ ሙሉ ዝናብ፣ በጀርባውም ዝናብ። ሴት የለም፤ ዓሣ የለም፤ ኮቱም በደንብ ተቆልፏል መሰለኝ፣ ማንም አላነሳውም።

ሰማይ ተደፋብኝ። መጀመሪያ ያየሁት ግን ፈተናዬን ሳይሆን አባቴን ነው። ፊታቸው ጭልም ብሏል። ሰባት ወር ሙሉ ከጉድጓድ በገመድ ስስባቸው ቆይቼ፣ ገመዱ ሲበጠስ ያየሁ መሰለኝ። ሴትዮዋ ከሌለች ማኅበሩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል፤ ማኅበሩ ከሄደ አባቴ ወደ ጢማቸውና ወደ "እህ" ይመለሳሉ። ይህን ልጅ ማን ጋበዘው ብዬ ዞር ስል፣ ለካ እኔው ነኝ።

ያዳኑን ጋሼ ናቸው። በዝግታ "ተሰርዛለች" አሉ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ። በአዲሱ ኅትመት አውጥተዋታል። እውነት የምትናገር ናትና አልቻሏትም። በቦታዋ ዝናብ አስገቡ።"

አያችሁ እንግዲህ! ስድስት ሰባት የተማረ ሰው የተቀመጠበት ቤት ነው። አንዳችንም "ምናልባት እኛ ተሳስተን ይሆን?" አላልንም። የተማሪ ደብተር አርሜ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ፤ እኔ ራሴ ጠረጴዛ መታሁ። ሴት ልጅ ከመጽሐፍ ውስጥ በዝናብ ስትተካ ዝም ብለን አናይም አልሁ። የባንኩ ልጅ እንኳ ሞቀውና "ሼም ነው በእውነት" አለ። ጓደኛዬ ብቻ የኔን ኮፒና አዲሱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዛ፣ ጨርቅ እንደምትመረምር በአውራ ጣቷ ትዳስስ ጀመር።

እኛ ሰዎች ስንበደል የምናውቀው አንድ መፍትሔ ማመልከቻ ነው። ለአሳታሚው ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ፤ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። የባንኩ ልጅ ላፕቶፑን ሊከፍት ሲል ጋሼ በእጃቸው ከለከሉት። "ታይፒስት ባለበት ቤት?" አሉ። ከአልጋ ሥር የአባቴ የጽሕፈት መኪና ወጣ፤ አቧራው ተጠረገ፤ ሪባኑ በምራቅ ረጠበ። አባቴ እንቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። ወረቀት አስገቡ፣ አስተካከሉ፣ ጣቶቻቸውን አፍታቱ። ጋሼ ቆመው አስጻፉ፦

"ጉዳዩ፦ ካለ አግባብ ከገጽ መቶ ሰማንያ ሦስት የተወገደችውን ሴት ወደ ቦታዋ ስለ ማስመለስ። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው፣ ተጠቃሿ ሴት ሁለት ዓሣ ይዛ በሰላም በመጓዝ ላይ ሳለች…"

አባቴ ይመታሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አነባለሁ። ፊደሉ ቀጠን ያለ ነው። "ሴት" የሚለው ላይ ሲደርሱ "ት" ከመስመሯ ወደ ላይ ዘለል አለች። "ሁለት" ላይም ዘለለች። "ተጠቃሿ ሴት" ላይ እንደገና።

ነፍስ ከምድራዊው ነገር ስትላቀቅ ቆሜ አየኋት።

ወይ ነዶ! በዚያ መኪና ቀጭ ቀጭ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የትምህርት ቤት ደብዳቤዬን ሁሉ የጻፉልኝ በዚያ መኪና ነው። የት ላይ እንዳየሁት ሳላስታውስ፣ ምሳሌ ፍለጋ ሰማይ ስቧጥጥ፣ ነገሩ አልጋ ሥር ተቀምጧል። "አባባ" ልል አፌን ከፈትሁ። ጓደኛዬ ግን ቀድማኝ ነበር። ኮፒዋን ማመልከቻው አጠገብ አስቀመጠችና "ይህ እኮ የአንድ ሸማኔ ሥራ ነው" አለች።

አባቴ እጃቸውን ከመኪናው አነሱ። "እኔ ነኝ የጻፍኋት" አሉ።

ቆሎ የሚያኝከው ሁሉ ማኘክ አቆመ።

አባቴ ያወሩ ጀመር። ሰባት ወር ያልተናገሩትን በአንድ ትንፋሽ አወጡት። ከእናቴ ጋር የተጋቡ ሰሞን ነው። እናቴ የጣና ዳሯ የደልጊ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረችም። ጎረቤት በርበሬ ስትለምናት የሚቋጠርበት ወረቀት አጣች፤ ከመጽሐፉ አንዱን ቅጠል ቀድዳ በርበሬውን ጠቀለለችበት። አባቴ ከሥራ ሲመጡ አዩ፤ ሦስት ቀን አኮረፉ። ወረቀቱ እንዳይመለስ ጎረቤቲቱ እሳት አያይዛበታለች። እናቴ በሦስተኛው ቀን "ወረቀት አይደል እንዴ? ወረቀት ስትጽፍ አይደል የምትውለው? ጻፈው እንጂ" አለቻቸው። ሄዱና ጻፉት።

"በገጹ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ" አሉ አባቴ። "ዝናብ ነበር መሰለኝ። ዝናብ ደግሞ የትም አለ። እሷን አስገባኋት። ለሥራ ደልጊ የሄድሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ስንተያይ የተናገረችኝን ነው ቃል በቃል ያስቀመጥሁት። ኮቴንም እውነት አሳስቼ ቆልፌ ነበር። ጀርባውን በሐዘን ሞላሁት፤ ሐዘን ለመጻፍ ቀላል ነው።"

"አወቀች?" አለች ጓደኛዬ።

"መሠረተ ትምህርት ገብታ ማንበብ የቻለች ቀን መጀመሪያ ያነበብሁላት… አይ፣ መጀመሪያ ያነበበችው እሱን ነው። ጨረሰችና ቀና ብላ ‹ዓሣው ሦስት ነበር እንጂ ሁለት አይደለም› አለችኝ።"

ጓደኛዬ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። የባንኩ ልጅ አዲሱን መጽሐፉን ቀስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ጋሼ ግን አይበገሩም። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ትንሽ አሰቡ፤ ፊታቸው በራ። "ሦስት ከሆኑማ ይበልጥ ነው የገባኝ!" አሉ። "አንድም…" ብለው ሲጀምሩ ነበር አንዱ ባልደረባዬ ጫማቸውን ያቀበላቸው።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ኩባያ እየሰበሰብሁ ደሜ ፈላ። ተማሪዋ ታየችኝ፤ ዜሮዋ ታየኝ፤ ዓሣ ሻጭ ናት ያለች ልጅ ከእኔ በላይ አንባቢ ሆነች። ዕድሜዬን ሁሉ ተቆጥቻቸው የማላውቃቸውን አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋቸው።

"አባባ፣ ሰባት ወር ሙሉ! ሰዉ ሁሉ መሳቂያ ሲሆን፣ እኔ ልጅዎ ስለ ‹ት› ዲስኩር ሳደርግ! አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? ለምን ዝም አሉ?"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ማመልከቻውን ከመኪናው አወጡና በእጃቸው ያዙት።

"እናትሽ ከሄደች ወዲህ" አሉ፤ "እዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሟን እንዳይጠራ ይጠነቀቃል። ያልነበረች ነው የምትመስለው። አንቺም አትጠሪያትም። እናንተ ግን በወር አንድ ቀን ተሰብስባችሁ ከምሳ እስከ ማታ ስለ እሷ ብቻ ታወሩ ነበር። ምን እንዳለች፣ ለምን እንዳለች፣ ወዴት እንደሄደች። ጋሼ እንኳ ከሰማይ አውርደው ነበር የሚያመጧት። ለምን ብዬ ላቋርጣችሁ?"

ኩባያዎቹን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ዘዴ ፈጠርሁ ብዬ እናቴን ከገዛ ቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ስሟ ከአፌ ከወጣ ሰባት ወር አልፎታል፤ ለሳቸው ስል መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔም ፈርቼ ኖሯል።

"አባባ" አልኋቸው፤ "እናቴ ናፈቀችኝ።"

"እንግዲያው ተቀመጪ" አሉ፤ ወንበሩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉልኝ። "እኔንም ናፍቃኛለች።"